ረሆቦት የምታነብላቸው ልጆች

ብርሃኑ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰሚት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሚስቱ ዘርፌ ቁልፉን የተቀበሉ ዕለት በረንዳው ላይ ቆማ፣ ከዚህ ቤት ሬሳዬ ካልሆነ በቀር እግሬ አይወጣም ብላ ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆዩ አንድ ልጃቸው ረሆቦት ደረጃ ስትወጣ ማረፍ ጀመረች። በመጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ትላለች፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ላይ፤ ኋላማ ገና ከታች ስትነሳ ግድግዳውን መደገፍ አመጣች። ሐኪም ቤት ሲወስዷት፣ በልጅነቷ ደጋግሞ ሲነሳባት የነበረው የቶንሲል ሕመም ልቧን ጎድቶት ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ተራዋ እስኪደርስ ግን መርፌዋን በየወሩ እየተወጋች እንዳትደክም ጠብቋት ተባሉ።

ብርሃኑ «እንዳትደክም» የምትለዋን ቃል ከሐኪሙ አፍ ተቀብሎ የቤቱ ሕግ አደረጋት። የራሱን ቤት አከራየና እዚያው ግቢ ውስጥ ግራውንድ ላይ ያለ ቤት ተከራየ። ቤቱ ፀሐይ አይገባውም፤ በክረምት የግቢው ውሃ ደጃፉ ላይ ይተኛል፤ ከላይ ያሉት ልጆች ሲሮጡ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቶች ፎቁን ትቶ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ መግባቱ እየገረማቸው ሲጠይቁት፣ ዕድሜዬ ነው፣ ጉልበቴን አመመኝ ይላቸዋል። የልጁ ሕመም በሰው አፍ እንዲነሳ አይፈልግም ነበር።

በሥራውም ንብረት ጠባቂ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሲሠራ ፀጉሩ ሸብቷል። ከደብረ ታቦር በወጣትነቱ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሲኖር፣ ሰው ቤት ሄዶ የማይጫወት፣ ዕቁብ የማይገባ፣ ከሥራ ወደ ቤት ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለስ ዝምተኛ ሰው ነበር። የሚናገረው ካለ ስለ ረሆቦት ነው። ምን በላች፣ መድኃኒቷን ዋጠች ወይ፣ ማነው በዚህ ብርድ መስኮት የከፈተው።

ረሆቦት ጉርድ ሾላ አለፍ ብሎ ያለ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ለመማር ስትገባ፣ ብርሃኑ ከሁሉ አስቀድሞ ያየው የመማሪያ ክፍሎቹ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆኑ ነበር። ስፖርት የለም፣ ክበብ የለም፣ ክፍል ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ወደ ቤት ነው ብሎ አስማላት። እሷም እሺ አለች። ረሆቦት እሺ ማለት የማይከብዳት ልጅ ነበረች። ከረጅም አንገቷ በላይ ሁልጊዜ የሚስቅ ፊት ያላት፣ አባቷን ደግሞ እንደ ታናሽ ወንድም የምታባብል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ግን አንድ ቅዳሜ ብርሃኑ ቢጠብቃት ዘገየች። ለፈተና እናጠናለን ብላ ከወጣች ቆይታለች፤ ስልኳ አይነሳም። ታክሲ ይዞ ሄደ። ተማሪዎች እያሳዩት ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለች ጠባብ ክፍል ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ረሆቦት ወፍራም መጽሐፍ ዘርግታ ጮክ ብላ ታነባለች። ፊት ለፊቷ ጥቁር መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። በመካከላቸው ስልኳ ድምፅ እየቀዳ ተቀምጧል። ድምፅዋ ሻክሯል። አንዱን መስመር ጨርሳ ሌላውን ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ትሰበስባለች።

ብርሃኑ የሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው። ገብቶ፣ ተነሺ እንሂድ አላት። ልጁ ማነው ብሎ ወደ ድምፁ ፊቱን ሲያዞር እንኳ አላናገረውም።

በታክሲ ውስጥ ረሆቦት ነገሩን አስረዳችው። ሉዋም የምትባል የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ያቋቋመችው ክበብ ነው። ግቢው ውስጥ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ፤ መጻሕፍቱ ግን የሚያይ ሰው ካላነበበላቸው ለእነሱ ጡብ ማለት ናቸው። ስለዚህ ፈቃደኛ ተማሪዎች ተከፋፍለው ያነቡላቸዋል፣ እየቀዱም ይሰጧቸዋል። ለእሷ የደረሳት ሃይለኣብ ነው፤ ከአዲግራት የመጣ፣ በሕፃንነቱ በኩፍኝ ዓይኑን ያጣ የሕግ ተማሪ።

«አባዬ፣ ሩጫ እኮ አይደለም» አለችው። «ቁጭ ብዬ ነው የማነበው።»

«ትንፋሽሽን ሰምቼዋለሁ» አላት ብርሃኑ። «ሌላ ሰው ያንብብለት። አንቺን የሚተካልኝ የለኝም።»

ረሆቦት እንደ ልማዷ እሺ አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ትውል ጀመር። ብርሃኑም ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለው። ማታ ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ ጮክ ብላ ታጠናለች። እሱ ሳሎን ዜና እያየ ድምፅዋን ከበሩ ጀርባ ይሰማል። ጎበዝ ልጅ፣ ይላል በሆዱ። አንዳንዴ በሩን ቆርቆር አድርጎ፣ ይበቃሻል፣ ዓይንሽን አሳርፊ ይላታል። አሁን ልጨርስ ነው ትለዋለች። ዘርፌ ሹራብ እየሠራች ቀና ብላ ታየውና ተመልሳ ታቀረቅራለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። የቀዶ ሕክምናው ተራ ግን አልደረሰም። ረሆቦት አራተኛ ዓመት ላይ፣ ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት፣ በግንቦት መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ልቧ ላይ ኢንፌክሽን ገብቷል ተባለ። ሆስፒታል ገብታ ሳምንትም አልሞላት። በመጨረሻው ጠዋት ብርሃኑ እግሯን እያሸ ሳለ፣ ብርድ ልብሱን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ፣ አባዬ አንተም ደክሞሃል፣ ትንሽ ጋደም በል አለችው። እሱም ወንበሩ ላይ ጋደም አለ። ሲነቃ ዘርፌ እየጮኸች ነበር።

ድንኳኑ ግቢው መሐል ተተከለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ዝም ብሎ በተቀመጠበት፣ የግቢው በር ላይ ያሉ ሰዎች መንገድ ለቀቁ። በሰልፍ የሚመጡ ልጆች ናቸው። ከፊት አንዲት አጭር ልጅ አለች፤ ከኋላዋ ያለው እጁን በትከሻዋ ላይ ጭኗል፤ የእሱን ትከሻ ሌላው ይዟል፣ የዚያኛውን ደግሞ ሌላዋ። አንዳንዶቹ በትር ይዘዋል። ድንኳኑ ገመድ ጋ ሲደርሱ መሪዋ ልጅ ዝቅ በሉ እያለች አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ማን እንደሆኑ እንኳ ሳያውቁ አለቀሱ።

ከልጆቹ አንዱ ብርሃኑ የት እንደተቀመጠ ጠይቆ አጠገቡ ተቀመጠ። ብርሃኑ መነጽሩን አይቶ አወቀው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ» አለ ልጁ። «ሃይለኣብ እባላለሁ። ረሆቦት ለእኔ…»

«አውቄሃለሁ» አለ ብርሃኑ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጎኑ ያሉት ሁሉ ግን ሰሙት። «እናንተ ናችሁ ትንፋሿን የጨረሳችሁት።»

ሃይለኣብ፣ ይቅርታ አባባ አለና በእጁ ወንበሩን እየዳሰሰ ተነሳ። መሪያቸው ሉዋም መጥታ ክንዱን ያዘችው። ሁሉም እንደ አመጣጣቸው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ወጡ። የቀረበላቸው ንፍሮ ሳይነካ ቀረ።

ዘርፌ አርባው እስኪወጣ ጠበቀች። ዘመድ ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ባዶ በሆነ ጊዜ፣ ብርሃኑ ቴሌቪዥኑን ሳይከፍት ፊቱን ወደተዘጋው የረሆቦት በር አድርጎ ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ማታ ማታ ስታነብ ትሰማት ነበር አይደል?» አለችው።

«ስታጠና» አለ።

«ስለ ምን ነበር የምታነበው?»

ብርሃኑ አሰበ። ድምፅዋን ያስታውሳል፤ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያስታውሳል። ከቃሉ ግን አንድም አልያዘም።

«ስለ ውርስ ነበር» አለች ዘርፌ። «ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሞግዚት። ልጅህ እኮ አካውንቲንግ ነው የምትማረው። ለማን የምታነብ መሰለህ? ቅዳሜን ስትከለክላት ማታውን ወሰደችው። እኔ አውቅ ነበር። አብራኝ ስታለቅስ ከምትኖር ታንብብ ብዬ ዝም አልኳት። ሌላ ጊዜ ሁሉ እንደ ታማሚ ነበር የምናያት፣ ብርሃኑ። እዚያ ግቢ ግን ሌላ ሰው የምትረዳ ነበረች።»

ብርሃኑ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ዝናብ ይጥላል። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው በራሱ ቤት መብራት በርቶ፣ የተከራዮቹ ልጆች ጥላ መጋረጃው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆሞ አየ። ያለቀሰው ያኔ ነው። እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣውም ነበር።

ክረምቱን ትምህርት ዝግ ስለነበር የሚሄድበት አልነበረውም። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሱፍ ልብሱን ለብሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። ጥበቃዎቹ ማንን እንደሚፈልግ ሲጠይቁት የሚለው ጠፍቶት፣ ልጄ እዚህ ነበር የምትማረው አለ። በመጨረሻ ሉዋምን አስጠሩለት። እሷም ክበቡ እየሳሳ እንደሆነ እየነገረችው ወደዚያች ጠባብ ክፍል ወሰደችው። ብዙዎቹ አንባቢዎች ተመርቀዋል፤ አዲሶቹ ለአንድ ወር መጥተው ይጠፋሉ።

ሃይለኣብ ብቻውን ተቀምጦ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ነበር። ብርሃኑ ገና ጤና ይስጥልኝ ሲል ማዳመጫውን አወለቀና ከመቀመጫው ተነሳ።

«ድምፅዎን አወቅሁት» አለ።

ብርሃኑ በመንገድ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ነበረው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሐዘን ነው ያናገረኝ ሊል ነበር። በዚያ ፈንታ እጁን ዘርግቶ የልጁን እጅ ያዘና ሳይለቀው ቆየ። ሃይለኣብም የተዘረጋለትን እጅ በሁለት እጁ ያዘው። እንዲህ ቆመው ሳለ ሃይለኣብ ከንግግር ሁሉ የከበደውን ነገር ነገረው። ረሆቦት ያነበበችለት ሁሉ በስልኩ ውስጥ አለ። አሁንም ሲያዳምጥ የነበረው እሷን ነው፤ የዘንድሮውን ፈተና የሚያጠናው በእሷ ድምፅ ነው።

«ላሰማዎት?» አለው።

ብርሃኑ ማዳመጫውን አየው። ትንሽ ነገር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ዛሬስ አልችልም» አለ። «ሌላ ቀን።»

ከዚያ ይልቅ፣ የሚነበብ ካለ እኔ ላንብብልህ አለው። ሃይለኣብ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጠው። ብርሃኑ ግማሽ ገጽ ያህል እየተንተፋተፈ ሄዶ፣ ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ራሱ አቆመ። ሃይለኣብ ሳይስቅበት፣ ሕጎቹ በአማርኛም አሉ፣ እነሱ ናቸው እንዲያውም የሚያስቸግሩኝ አለና ሌላ መጽሐፍ አቀበለው። እሱን ብርሃኑ ቻለው። የሚያነበው እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ያለ ከፍታና ዝቅታ ነበር። ቢሆንም ቃሉ ጥርት ይላል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሳይቀር ይመላለስ ጀመር። አብረው ያነባሉ፣ ደጅ ባለች ሱቅ ሻይ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ሃይለኣብን ክንዱን ይዞ እስከ ማደሪያው ያደርሰዋል። በየሳምንቱ ሃይለኣብ፣ ዛሬስ? ይለዋል። በየሳምንቱ ብርሃኑ፣ በሚቀጥለው ይለዋል። ለዘርፌ ድምፅዋ እንዳለ ነግሯት፣ አንድ ቀን አብረን ሄደን እንሰማዋለን ተባብለው ነበር። የፈራው ምን እንደነበር ለራሱም በውል አያውቀውም። ምናልባት ከሰማው ያልቅብኛል ብሎ ይሆናል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠባቧ ክፍል ሲገባ፣ ሃይለኣብን ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ አገኘው። ሉዋም ከጎኑ ቆማለች። የነገረችው እሷ ነች። ሃይለኣብ መገናኛ ታክሲ ሲጠብቅ በግፊያው መሐል ስልኩን ከእጁ ነጥቀውት ሮጠዋል። ሰው ጮኾ ነበር፣ የተከተለ ግን የለም።

«ሌላ ቦታ የለም?» አለ ብርሃኑ።

አልነበረም። ረሆቦት በራሷ ስልክ ትቀዳና ወደ እሱ ታሻግራለች፤ ስልኳ ስለሚሞላ የራሷን ታጠፋለች። ብርሃኑ ግን ይህን ሰምቶ አላመነም። ታክሲ ይዞ ቤቱ ገባ። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን የረሆቦትን ስልክ አውጥቶ ቻርጅ ላይ ሰካው። እስኪበራ ድረስ እሱና ዘርፌ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ፎቶዎች ነበሩ፤ የጓደኞቿ፣ የዘርፌ፣ እሱ ራሱ ሶፋ ላይ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶት ያነሳችው። የድምፅ መዝገቡ ግን ባዶ ነው። ዘርፌ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«በሚቀጥለው፣ በሚቀጥለው አልክ» አለችው።

በተከታዩ ቅዳሜ ሳይሄድ ቀረ። ቀጥሎ ባለው ግን፣ ልጁ ፈተና እንዳለበት አስታውሶ ሄደ። ሃይለኣብ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ሲያስብበት የቆየ ነገር እንዳለ ነገረው። ረሆቦት ካነበበችለት አንዱን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳዳመጠው አያውቅም፤ ቃል በቃል ይዞታል። የያዘው ደግሞ ቃሉን ብቻ አይደለም።

«እሷ እንዳነበበችው ልበልልዎት?»

ብርሃኑ ተቀመጠ። በዚህ ቀን «ሌላ ቀን» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ሃይለኣብ አንገቱን ደፋና ጀመረ። አሳዳሪ ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ልጅ ጤንነት መጠበቅ እንዳለበት የሚናገረው ክፍል ነበር። ድምፁ የወንድ ድምፅ ነው፣ ትግርኛ የሚነካካው የሃይለኣብ ድምፅ። አነጋገሩ ግን የእሱ አልነበረም። «ጤንነት» የምትለው ቃል ላይ ከፍ ብሎ፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መሐል ላይ ቆም ብሎ ትንፋሽ ሰበሰበ። «ቆይ ሃይሌ፣ አንድ መስመር ዘልያለሁ» አለ፣ ሳቅ ባለበት ድምፅ። ጥቂት ብሎ ደግሞ ከመጽሐፉ ራቅ ያለ መስሎ፣ «አሁን ልጨርስ ነው፣ አባዬ» አለ።

ብርሃኑ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። በሩን ቆርቆር ያደረገበት ማታ ነው። ሰምቶት ያልሰማው ማታ።

ሃይለኣብ እስከ መጨረሻው ወጣው። ሲያበቃ የብርሃኑን ማልቀስ በትንፋሹ አውቆ፣ ማቆም ነበረብኝ እንዴ አለው። ብርሃኑ ድጋሚ እንዲለው ለመነው። ሃይለኣብም ደገመው።

ሙት ዓመቷ ሲደርስ ሃይለኣብ ቤታቸው መጣ፤ ዘርፌ ራሷ ነበረች እጁን ይዛ ያስገባችው። ጸበል ጻዲቁ ከቀረበ በኋላ ጎረቤቶች ሲሄዱ፣ የረሆቦት ክፍል ውስጥ አልጋዋ ላይ አስቀምጣው፣ ለእኔም በልልኝ አለችው። ብርሃኑ በሩ ላይ ቆመ። ዘርፌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ያንን የሕግ ቃል ስትሰማ፣ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ቦታ ሲደርስ እሷም አብራ ትንፋሿን ሳበች።

በሐምሌ ሃይለኣብ ተመረቀ። ብርሃኑና ዘርፌ ከቤተሰቡ ጋር ቆመው ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ወደ አገሩ ሄዶ፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ጥብቅና በሚቆም ቢሮ ሥራ ያዘ። ሉዋምም ተመርቃ ሄዳለች። ክበቡ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ልጆችና ብርሃኑ ናቸው። አሁን የሚያነበው ሸምሲያ ለምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ እሷ ደግሞ ቸኩለው ነው የሚያነቡት እያለች ትቆጣዋለች።

ሃይለኣብ በበዓል ይደውላል። ባለፈው እንቁጣጣሽ ዕለት ሲደውል፣ ብርሃኑ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቆ ካበቃ በኋላም ስልኩን አልዘጋም። ሃይለኣብ የፈለገውን ሳይነግረው ገባው። ያንን ምዕራፍ ጀመረለት። ጥቂት ሄዶ ግን አቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ፤ እንደገና አቆመ።

«አባባ» አለው። «ቃሉ አለ። እሷ የት ላይ ከፍ እንደምትል ግን እየጠፋብኝ ነው። አሁን ስለው የራሴ ድምፅ ይመጣብኛል።»

ብርሃኑ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። ግቢው ውስጥ አበባ የያዙ ትንንሽ ሴት ልጆች ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ ይዘፍናሉ።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አለው። «እንደ ራስህ አድርገህ በለው።»